ቅሬ፥ ዕቁብና የዱቤ ደብተር

ንግድ የሚጀመረው በመሬት፥ በጉልበትና በካፒታል ነው እየተባልን በክፍል ተምረናል። ያደግሁባት መካነ ሰላም ግን አራተኛ ነገር አሳይታኛለች፤ እርሱም ሰው ነው። ባልንጀሮቼ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ የምንመረቅበት ጊዜ መቅረቡ ነው።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቦረና ደጋ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ የዓባይ ሸለቆ፥ ከሸለቆውም ማዶ ጎጃም ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ከሆነ ወዲህ ገበሬው መሬቱን ሸጦ ነጋዴ ልሁን ሊል አይችልም። ስለዚህ መነሻ ብር የሚፈልግ ድኻ የሚጠራው ዋስ ጎረቤቱን ነው። ዛሬ ፀደይ ባንክ የተባለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለገጠር ሰው ሲያበድር የኖረው በአብዛኛው በቡድን ዋስትና ነበር፤ አንዱ ባይከፍል የቀሩት ይከፍሉለታል። እንግዲህ ጎረቤቶቹ ያላመኑት ሰው ከአበዳሪው ደጅ አይደርስም።

ዕቁብም እንዲሁ በመተማመን የቆመ ነው። ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ ዕቁብን የመሰሉ ማኅበሮች ገበሬውን የነጋዴ ጠባይ ያስለምዱታል ብሏል። ይህ ሐሳብ በአክስቴ ላይ ግማሹ እውነት ሆነ። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳት ትንሽ ሱቅ ከፈተች፤ ጨው፥ ስኳር፥ ሳሙና ትሸጥ ነበር። ደብተሩን የምጽፍላት እኔ ነበርሁ፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ሱቁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሌባ አልገባበትም፥ ሒሳቡም አልተሳሳተም፤ የበላው ዱቤ ነው። ዱቤ የወሰዱት የቅሬዋ ሰዎች ነበሩ። ቅሬ፥ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፥ በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድነት የሚገባበት ማኅበር ነው፤ ነገ በሐዘኗ ቀን የሚደርሱላትን ሰዎች ዛሬ «ክፈሉኝ» ለማለት አፏ ታሰረ። መደመርና መቀነስን እኔ ዐውቅላት ነበር፤ ሰውን ሳያስቀይሙ «የለም» የማለትን ጥበብ ግን የትኛው ትምህርት ቤት ያስተምራል?

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሥራ ያገኙ ብዙ ሰዎች ወሬውን የሰሙት እምብዛም ከማያገኙት የሩቅ ትውውቅ እንደ ሆነ አስረድቷል፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛው የምናውቀውን ነውና። አክስቴን መልሶ ያቆማትም በዓመት ሁለት ጊዜ በግ ሊገዛ ከደሴ የሚመጣ ሰው ነው። እርሱ የደሴን ዋጋ በስልክ ይነግራታል፥ እርስዋ ከገበሬው ሰብስባ ታቆይለታለች። ገንዘቡን በእጁ ትቀበላለች፤ የቅሬዋ ሰው ስላልሆነ ይሉኝታ አይዛትም። የገበሬዎቹን በግ በአደራ ያሰባሰበላት ግን ያው የቅሬዋ ስም ነው።

እኛስ? በአገሬ አንድ የንብ ማነብ ማኅበር ዐይቻለሁ፤ አባሎቹ አምስት ምሩቆች ነበሩ፥ ያገናኛቸውም የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ማሩ ሳይቆረጥ ተለያዩ። እነርሱን ከመንቀፌ በፊት ራሴን ማየት ይገባኛል። ባለፈው ክረምት ከአክስቴ ጋራ በግ ልነግድ ፈልጌ ማን ዋስ እንደሚሆነኝ ጠየቅኋት። ሣቀችና «ልጄ፥ ደሴ ለትምህርት ከሄድህ ወዲህ ከቅሬው ጋራ ስንት ቀብር ወጥተሃል?» አለችኝ። አንድም አልወጣሁም ነበር።