ለደጋ መንገድ የሚሆን አየር ገፊ፦ ሱፐርቻርጀር ወይስ ተርቦ? የማቀዝቀዣውስ ነገር?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ከአምቦ ወደ ወንጪ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስበት አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለው። ሞተሩ ብዙዎቻችን የምናውቀው 1ኤችዜድ ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ያለ ተርቦ። መኪናው ከተማ ውስጥ ደህና ይሄዳል። የወንጪን ዳገት ሲጀምር ግን በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል። ታዲያ አንድ ቀን አጎቴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከዚያው ደወለልኝ። "አንተ፣ መካኒካል አይደል የምትማረው? እዚህ አንዱ ሱፐርቻርጀር አለኝ፣ ቺንጋ ብቻ ነው የሚፈልገው ይለኛል። ሌላው ደግሞ ተርቦ አውጥቶ አሳየኝ። የቱን ልግዛ?"

ገንዘቡ የዕቁብ ነው። ፈተና ላይ ብሳሳት ማርክ ይቀነስብኛል፤ እዚህ ላይ ብሳሳት ግን የሚቃጠለው የሰው እንጀራ ነው። "ምንም እንዳትገዛ፣ ሂሳቡን ሠርቼ እነግርሃለሁ" አልኩት። ሂሳቡ እነሆ።

መጀመሪያ የአየሩን ነገር እንይ። በባህር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ሰንጠረዥ ብናሰላው ግፊቱ ወደ 78 ይወርዳል። 3,000 ሜትር ላይ ስንደርስ ደግሞ 70 ብቻ ይቀራል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.18 ኪሎ ግራም ሲመዝን አምቦ ላይ 0.92 ነው። ማለትም ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሹ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ አየር ተቀንሶበታል። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው የናፍጣ ፓምፕ ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ያህል ናፍጣ ይረጫል። የሚቃጠልበት አየር ያጣው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው የተባለው ሞተር እኛ ጋ 100 አካባቢ ነው ማለት ነው።

ይህን ችግር ቀድመው የተጋፈጡት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሂ የተርቦን ሐሳብ ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ድረስ አወጣው። ሞተሩ ታች 350 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ተርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። እኛ ተወልደን ያደግንበትን ችግር እነሱ ተራራ ወጥተው ነው የፈለጉት!

ምርጫው

ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከክራንክሻፍቱ ጋር የታሰረ ነው። ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ ነዳጅ እንደተረገጠ ወዲያው ይገፋል። ሁለት የሚጠላለፉ ሎቦች ያሉት ዓይነት የሩትስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ካወጡበት አየር ገፊ የመጣ ነው። ያኔ የዛሬው ዓይነት መኪና ገና አልነበረም።

የዚህ ማሽን ጠባዩ ያገኘውን አየር ማባዛት ነው። የፑሊው መጠን የተወሰነ ስለሆነ ባህር ጠለል ላይ 101ን ወደ 151 የሚያደርስ ሱፐርቻርጀር (በጌጁ ግማሽ ባር ማለት ነው) አምቦ ላይ 78ን ወደ 117 ገደማ ነው የሚያደርሰው። ጌጁም ከግማሽ ባር ወደ 0.38 ይወርዳል። ሰው ይሄኔ "ሱፐርቻርጀሩ ደክሟል" ይላል። አልደከመም፤ የሚያባዛው አየር ነው ያነሰው።

ነጋዴው ያሳየው ዕቃ ላይ ኢተን ኤም45 የሚል ጽሑፍ እንዳለ አጎቴ በስልክ አነበበልኝ። 45 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው፤ በአንድ ዙር 0.74 ሊትር አየር ይገፋል። ሚኒ ኩፐር ኤስ የተባለችው ፈጣን ትንሽ መኪና ቀድሞ 1.6 ሊትር ሞተሯ ላይ ይህን ነበር የምትጠቀመው። ለእሷ በልኳ ነው። የአጎቴ 4.2 ሊትር ሞተር ግን በእያንዳንዱ የክራንክ ዙር 1.8 ሊትር ገደማ ይስባል። በዚህ ላይ ግማሽ እጥፍ ጨምረን ካቀዘቀዝነው ወደ 2.5 ሊትር እንፈልጋለን። ትንሿ ማሽን ይህን ለማድረስ ከክራንኩ 3.7 እጥፍ መዞር አለባት፤ ሞተሩ 3,800 ሲዞር እሷ 14,000 ማለት ነው። ያ ፍጥነት የአቅሟ ዳር ነው። በዚያ ላይ አየሩን ከመግፋት ይልቅ መፍጨት ይሆናል ሥራዋ። በቺንጋው በኩል ከሞተሩ የምትወስደውንም አሰላሁት፤ 12 ፈረስ ጉልበት ይደርሳል። "ቺንጋ ብቻ ነው የሚፈልገው" የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ማሰሪያውን ቀጥ አድርጎ የሚሠራ ቶርናቶሬ ማግኘቱ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ተርቦ ከማርሚታው በሚወጣው ጭስ ነው የሚዞረው። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ባለ ስፕሪንግ ቫልቭ ከውጪው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሚያይ አምቦም ላይ ያንኑ ግማሽ ባር ይሰጣል፤ 78 ሲደመር 50፣ 128 ገደማ። ከሱፐርቻርጀሩ 117 ጋር አወዳድሩት። የሚከፈለው ዋጋ ተርቦው ከታች ይልቅ እዚህ ፈጥኖ መዞሩ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ዳገት ጨርሶ ሲቆምም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይገባም።

የቤንዚን መኪና ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ክፍላችን ውስጥ ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ሱፐርቻርጀር የመግጠም ሕልም ያላቸው ልጆች አሉ (ራሳቸውን ያውቃሉ)። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1986 4ኤ-ጂዜድኢ የሚባል 1.6 ሊትር ሞተር በሩትስ ሱፐርቻርጀር አውጥቶ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፣ እንዲሁ አልገጠመውም። የመጭመቂያ ሬሾውን ወደ 8 ዝቅ አድርጎ፣ ማቀዝቀዣ ጨምሮ ነው። ቤንዚን በጋለ አየር ያለ ጊዜው ይነሳል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስቶን የሚበሳው ያኔ ነው። እንኳን አሮጌ ዲኤክስ፣ ፋብሪካውም ያለ ማቀዝቀዣ አልደፈረውም።

ለአጎቴ የመለስኩለት ተርቦ የሚል ነው፤ ያውም ከ4 ሊትር አካባቢ ሞተር የወጣ። የ2.5 ሊትር ሃይሉክስ ተርቦ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሞተር ጠባብ ጉሮሮ ነው፤ ከላይ ያፍነዋል። አሮጌ ተርቦ ሲገዛ ዘንጉን በጣት ይዞ ወደ ጎን ማወዛወዝ፣ ምላጮቹ ቤቱን ነክተው እንደሆነ ማየት፣ የአየር መውጫው ውስጥ ዘይት መኖሩን መዳሰስ ነው። ይህን ሳያስነካ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ትቶት መሄድ።

ማቀዝቀዣው

የሳይክል ጎማ በፖምፓ የነፋ ሰው የፖምፓው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ቴርሞዳይናሚክስ ላይ የተማርነውን ፎርሙላ ይዤ፣ የሩትሱን ብቃት 55 በመቶ፣ የተርቦውን 70 በመቶ ብዬ ወስጄ አሰላሁ። አምቦ ላይ 25 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር ከሱፐርቻርጀሩ በ117 ኪሎፓስካል፣ ከተርቦው ደግሞ በ128 ይወጣል፤ ሙቀታቸው ግን እኩል ነው፣ ሁለቱም 90 ዲግሪ አካባቢ። ያው ሙቀት ተከፍሎ ተርቦው የበለጠ አየር ሰጠ ማለት ነው። "የከፍታውን ጉድለት ሁሉ ልሙላ፣ 151 ላድርሰው" ያለ ሰው ግን ተርቦው አየሩን ወደ ሁለት እጥፍ መጭመቅ ስላለበት ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ያልፋል።

የጋለ አየር ቀላል ነው። ያንኑ የ128 ኪሎፓስካል አየር ከ90 ወደ 45 ዲግሪ ብናወርደው ክብደቱ 14 በመቶ ይጨምራል፤ ተጨማሪ ግፊት ሳንጠይቅ። ሙሉ ጉልበት ላይ ለዚህ መውጣት ያለበት ሙቀት 7 ኪሎዋት ያህል ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ አስቡት። ያን ሁሉ ሙቀት ከኮፈኑ ሥር ማውጣት አለብን።

እዚህ ላይ የደጋ መንገድ ሌላ ጣጣ አለው። ማቀዝቀዣው ራሱ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሳሳው አየር ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱ የሚበዛው ዳገት ላይ ነው፤ መኪናው በሰዓት 20 እና 25 ኪሎ ሜትር ሲሳብ ከፊት የሚመታው ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። የውጭ መጽሐፎች ላይ ያለው ምክር በፍጥነት ለሚሮጥ መኪና የተጻፈ ስለሆነ እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ሞተሩ አናት ላይ የሚቀመጠውና ኮፈኑ ተበስቶ አየር የሚገባለት ዓይነት አስፋልት ላይ ጥሩ ነው። በዝግታ ሲወጣ ግን የሞተሩን ሙቀት ከሥር እየጠጣ ራሱ ምድጃ ይሆናል። በውሃ የሚሠራው ዓይነት ሙቀቱን ለጥቂት ደቂቃ ይሸከማል፤ ለአጭር እሽቅድምድም ይመረጣል። የወንጪ ዳገት ግን በጥቂት ደቂቃ አያልቅም። ውሃው አንዴ ከጋለ በኋላ የሚያድነው የራሱ ትንሽ ራዲያተር ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፓምፑ ከተበላሸ ደግሞ ቅያሪው አምቦ አይገኝም።

እኔ የመረጥኩት ከፊት የሚቀመጠውን፣ አየር በአየር የሚቀዘቅዘውን ነው፤ የራሱ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ተጨምሮለት። ጉዳቱን አልደብቅም፤ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቆም የሞቀ አየር ይልክበታል። ስለዚህ ራዲያተሩን የማይሸፍን መጠን መሆን አለበት። አቧራና ጭቃ ክንፎቹን ስለሚደፍን በየጊዜው ከኋላ ወደ ፊት በውሃ መታጠብ አለበት።

ስለ ራዲያተር ካነሳን አይቀር፦ አምቦ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን 0.9 ባር ሲይዝ ይህን ወደ 115 ያወጣዋል። ባለፈው ዓመት ይኸው መኪና ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ጫካ በሚወጣው መንገድ ላይ አፍልቶ ቆመ። አንድ ጋራዥ "ቴስታታው ተበልቷል፣ ሞተር እናውርድ" አለ። ጥፋቱ የላላ ክዳን ሆኖ ተገኘ። ክዳን የማይይዝ መኪና ላይ ተርቦ መግጠም የሚያፈስ ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ነው።

ሌላው ናፍጣው ነው። 1ኤችዜድ የመጭመቂያ ሬሾው 22.4 ነው፤ ከዚያው ቤተሰብ በተርቦ የተሠራው 1ኤችዲ-ቲ ግን 18.6 ነው። ፋብሪካው ለተርቦ ብሎ ዝቅ አድርጎታል። ስለዚህ የኛን ሞተር ግፊቱን ግማሽ ባር ላይ ወስኖ፣ የፓምፑን ቪት ሳይነኩ፣ የጎደለውን አየር ብቻ መመለስ ይበቃል። ቀዝቅዞ የገባው የ128 ኪሎፓስካል አየር ክብደቱ ከባህር ጠለሉ አየር እንኳ ይበልጣል። ጭስ ማውጫው ላይ፣ ከተርቦው በፊት፣ የሙቀት ጌጅ መግጠም የግድ ነው። 700 ዲግሪን ሲጠጋ እግርን ማንሳት፣ ማርሽ መቀነስ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ይዤ ለዕረፍት ስሄድ መጀመሪያ ያለውን አየር እንለካ አልኩ። ግልጽ ጎማ ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፌ፣ ውሃ ሞልቼ፣ አንዱን ጫፍ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ሰካሁት። ነዳጅ ሲረገጥ የውሃው ልዩነት 60 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ወደ 6 ኪሎፓስካል ማለት ነው፤ ካሉን 78 ላይ! ማጣሪያውን አውጥተን ስንመታው የወንጪ አቧራ ግማሽ ጣሳ ሞላ። በዚያ ላይ የፓምፑ ቪት አንድ ጊዜ "ጉልበት ይጨምራል" ተብሎ ተከፍቶ ነበር። አዲስ ማጣሪያ ገባ፣ ቪቱም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

አጎቴ በማግስቱ ጭኖ ወጣ። ማታ ሲመለስ "ጭሱ ቀንሷል፣ ሁለተኛውን ግን አሁንም አይለቅም" አለኝ። የዕቁቡን ገንዘብ ለሁለት የኋላ ጎማና ለአዲስ የራዲያተር ክዳን አዋለው። ተርቦው ለሚቀጥለው ዕጣ ተቀጥሯል። እስከዚያ የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ ፈልጌ እንዳመጣ ታዝዣለሁ፤ ያለው ተማሪ ካለ ይንገረኝ።