የምርጫን ውጤት የሚወስኑ ነገሮች

ምርጫ ማለት ብዙ ሰዎች ስለ እነርሱ የሚናገርላቸውን ሰው በድምፅ መለየት ማለት ነው። የምርጫ ውጤት በተወዳዳሪው መልካምነት ብቻ የሚወሰን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በክፍላችን የተደረገው የአለቃ ምርጫ አሳቤን አስለወጠኝ።

የክፍላችን ተማሪዎች 50 ነበርን። ከእነዚህም 30ው ከዓባይ ቆላ መጥተን በመካነ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ፍላጎታችን አንድ ነበር፤ ይኸውም ዓርብ ከቀትር በኋላ ወርደን ስንቅ እንድናመጣ የሚጠይቅልን አለቃ ማግኘት ነው። ከከተማው ልጆች አንድ ብቻ ቀረበ። ከእኛ ግን ጓደኛዬም እኔም ቀረብን፤ የመንደሬ ልጆች «አይዞህ፣ ግባ» ሲሉኝ እምቢ ማለት አፍሬ ነበር። ድምፁ ሲቈጠር የከተማው ልጅ 20፣ ጓደኛዬ 17፣ እኔ 13 አገኘን። አለቃ የሆነውም ባለ 20ው ነው። ልጁ ደግ ነው፤ ዳሩ ግን የስንቁ ነገር ሳይጠየቅ ቀረ።

ከዚህ እንደምንረዳው ውጤትን የሚወስነው አንደኛው ነገር የአቈጣጠር ሕግ ነው። በአገራችን የሕዝብ ተወካዮች ምርጫ በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል እንጂ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታው አይደለም። የተሸናፊዎቹም ድምፅ ወንበር አያስገኝም። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አገኘ። ይህ ማለት ግን ከከተማው ሕዝብ ሌላውን የመረጠ አልነበረም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ለመወዳደር የሚፈቀድለት ሰው ማንነት ነው። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መጀመሪያ በመረጠበት ጊዜ ተወዳዳሪው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ድኻው ድምፅ ለመስጠት እንጂ ለመመረጥ አልቻለም።

ሦስተኛው ነገር ጊዜና መንገድ ነው። የ1997፣ የ2002 እና የ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች በግንቦት ወር ተደረጉ፤ የ2013ቱ ግን ሰኔ 14 ቀን ነበረ። ሰኔ በቦረናና በሳይንት ደጋ የእርሻ ወራት ነው። በሬውን ጠምዶ የዋለ ገበሬ፣ ወይም የምርጫ ጣቢያው ከአቀበት ማዶ የሆነባት አሮጊት ሳይመጡ ከቀሩ፣ አሳባቸው ከሣጥኑ ውስጥ አይገኝም።

አራተኛው ነገር ዝምድና ነው። ለእኔ ድምፅ የሰጡት 13ቱ ከጓደኛዬ ይልቅ እኔ እበልጣለሁ ብለው አልነበረም፤ የመንደራቸው ልጅ ስለ ሆንሁ ነው እንጂ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድር ነው? በፈረንሳይ አገር ለፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደሩት ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ካላገኘ፣ የበለጡት ሁለቱ ብቻ እንደ ገና ይወዳደራሉ። በክፍላችንም እንዲሁ ቢደረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና ብጣሽ ወረቀት ነው። ይህን ለክፍሉ አስተማሪያችን አመልክቻለሁ። ይሁንታ ቢገኝም ባይገኝም፣ እኔ ዘንድሮ አልወዳደርም፤ ድምፄን ለጓደኛዬ እሰጣለሁ።