የመኪናው ዕድሜና የዕዳው ዕድሜ

«ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣ የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ5 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን፤ ሦስተኛው ከአራት ወር በኋላ ይወለዳል። ያለችን መኪና ሦስት የልጅ ወንበር አትችልም፤ እናቴም ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ባለቤቴ አዲስ ቶዮታ ሲዬና ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ዋጋው ከነታክሱ 45,000 ዶላር፣ ወለዱ 7 በመቶ፣ ክፍያው በ84 ወር ነው። እኔ የአራት ዓመት ሆንዳ ኦዲሲ በ26,000 ዶላር አይቻለሁ፤ ወለዱ 9 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ወር 12,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። እሱ ግን ‹ልጆቼን ሰው በጠገበው መኪና አልጭንም› ይለኛል። ነገሩ ወደ ኩርፊያ ሄዷል። ምን ይመክሩናል?»

ውድ እህቴ፣ አስቀድሜ በሽልም ያውጣሽ። ሁለታችሁም የምትከራከሩት በመኪናው ዕድሜ ላይ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ የዕዳው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ያገለገለውን ግዙ እላለሁ። ሻጭ ደንበኛውን ሲያገኝ የሚጠይቀው «በወር ስንት ይመቻችኋል?» ብሎ ነው፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ የክፍያውን ዘመን ከዓይን ይሰውራል። ለማነጻጸር እንዲያመች ዕቁቡን ለሁለቱም ቅድሚያ ክፍያ እናድርገው። በአዲሱ 33,000 ዶላር ዕዳ ይቀራችኋል፤ በ84 ወር ሲከፋፈል በወር ወደ 498 ዶላር ይመጣል፤ ወለዱ ብቻ ከ8,800 ዶላር ያልፋል። ባገለገለው የሚቀረው 14,000 ዶላር ነው፤ በ36 ወር ብትጨርሱት ወለዱ ከፍ ያለ ቢሆንም በወር ወደ 445 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 2,000 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እዪው። በወር የሚለያዩት በ53 ዶላር ነው፤ በዘመን ግን በአራት ዓመት። ያገለገለውን ከገዛችሁ ዛሬ በሆድሽ ያለው ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዕዳው ያልቃል፤ አዲሱን ከገዛችሁ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ ከቻለ በኋላም ትከፍላላችሁ።

ዘመኑ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቅዎታል ትይኝ ይሆናል። ሥራችሁ ዛሬ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት ገቢ የሚያንስባቸው ናቸው። በ1993 የወጣው የፌደራል የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው። አሠሪሽ ከዚያ የተሻለ ካልጨመረልሽ፣ ደመወዝሽ ፈቃድ ሲወጣ የመኪናው ክፍያ አብሮ አይወጣም። ሌላም አለ፤ አዲስ መኪና ዋጋው በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ የ84 ወር ዕዳ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት በዝግታ ነው የሚቀንሰው። አያድርገውና መኪናው ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንስ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው። ዕዳው ከዚያ ከበለጠ የጎደለውን፣ ለዚያ የተለየ ዋስትና ካልገዛችሁ፣ መኪና ሳይኖራችሁ ትከፍላላችሁ።

የባለቤትሽ ክርክር ግን ሊናቅ አይገባም፤ ከአባትነት የመጣ ስጋት ነው። ለልጆቼ የተሻለ ጥበቃ ያለው አዲሱ ነው የሚለውን እንየው። በአሜሪካ መኪና መንሸራተት ሲጀምር መንገዱን እንዳይስት የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ የኋላ ካሜራ ደግሞ ከግንቦት 2018 ወዲህ ግዴታ ሆነዋል። ኦዲሲ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም ደረጃው አደጋ ሲቃረብ ራሱ ፍሬን የሚይዝበት መሣሪያ አለው። ስለዚህ ሞዴሉ 2021 ወይም ከዚያ ወዲህ መሆኑን አረጋግጪ፤ ያኔ በአዲሱና በእሱ መካከል ለልጆቹ የሚቀረው የደኅንነት ልዩነት ጠባብ ነው። የሻሲ ቁጥሩን በአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገቢ ያልተጠገነ የፋብሪካ ጥሪ ካለበት በነጻ ይነግርሻል።

ሁለተኛው ሊያነሣው የሚችለው ክርክር ነዳጅ ነው፤ ከ2021 ወዲህ ሲዬና በሙሉ ሃይብሪድ ነው፣ በጋሎን ወደ 36 ማይል ይሄዳል፤ ኦዲሲ ወደ 22 ማይል። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱና ጋሎኑን 3 ዶላር ብንለው ልዩነቱ ወደ 640 ዶላር ነው፤ በሰባት ዓመት ከ4,500 ዶላር አይበልጥም። ሲዬናው በመጨረሻ ሲሸጥም የተሻለ ያወጣል። ሁለቱንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ባጠቃላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ልዩነት ከ25,000 ዶላር በላይ ስለሆነ እነዚህ አይሞሉትም።

«የሰው ችግር እንገዛለን» የሚለው ስጋት ግን እውነትነት አለው፤ መልሱም ምርመራ ነው። የሜሪላንድ የደኅንነት ምርመራ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ያያል እንጂ ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ጤንነት ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ግንኙነት ለሌለው መካኒክ ክፈሉና መኪናው ተነሥቶ ከሥር ይታይ። ራሳችሁም እዩ። የኋላውን የደኅንነት ቀበቶ እስከ ጫፉ ጎትቱት፤ ጥቅል ሆኖ በሚቆየው ክፍል ላይ የጭቃ መስመር ካለ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ምንጣፉን አንሡና አሽትቱ። ተንሸራታቹን በር በቁልፉ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ያገለገለ ሚኒቫን ቶሎ የሚደክመው እዚያ ነው፣ የልጆች ብስኩት ፍርፋሪ ሐዲዱ ውስጥ ይጋገራል። የኦዲሲ ሞተር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በቺንጋ ነው፤ ወደ 100,000 ማይል ሲጠጋ መለወጥ አለበት፣ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ለእሱ ከ1,000 ዶላር በላይ አስቀምጡ። የፋብሪካው የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለ5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ስለሆነ፣ ማይሉ ከዚያ በታች ከሆነ የቀረው ዋስትና ወደ እናንተ ይተላለፋል። በአንድ ነገር አትታለሉ፤ ከፈረሙ በኋላ በ3 ቀን መመለስ ይቻላል የሚባለው የፌደራል ደንብ ከዲለር ግቢ የተገዛ መኪናን አይመለከትም። ምርመራው ከፊርማ በፊት ይሁን።

ሐሳቤን የምለውጥበት አንድ ሁኔታ አለ። የምታዩት ያገለገለ መኪና የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሲዬና ቢሆን ኖሮ፣ የእሱ ዋጋ ከሌሎች መኪኖች ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ፣ ከአዲሱ ጋር የሚለያየው በጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲሱን በዝቅተኛ ወለድ አግኝታችሁ በአራት ዓመት መጨረስ ከቻላችሁ ባለቤትሽ ልክ ነው።

አሁን ግን ሁለቱንም መኪና ባሉበት ፈትኗቸው። ቅዳሜ ሁለቱን የልጅ ወንበሮችና ለሕፃኑ የምትገዙትን ይዛችሁ ሂዱ። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ በልጅ ወንበር ይቀመጣል፤ ስለዚህ ይህ ጣጣ ለዓመታት አብሯችሁ ይኖራል። ሦስቱንም እሰሩና አንቺ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ግቢ፤ እርጉዝ ሆነሽ ካልገባሽበት እናትሽም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ አይገቡበትም። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበሏቸው በርበሬና ሽሮ የሞላባቸው፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይኖራሉ፤ ሦስተኛው ረድፍ ሳይታጠፍ ከኋላው የሚቀረው ጉድጓድ ይችላቸው እንደሆነ ባዶ ሻንጣ ወስዳችሁ ለኩ። ከ2021 ወዲህ ያለው ሲዬና መካከለኛ ወንበር እንደ ድሮው ተነቅሎ አይወጣም፤ የኦዲሲው ይወጣል፤ ባለቤትሽ ራሱ ነቅሎ ይመልሰው። መካኒኩንም እሱ ይምረጥ፣ ጥያቄውንም እሱ ይጠይቅ፤ ስጋቱ የእሱ ስለሆነ መልሱንም ከመካኒኩ አፍ ይስማው።