የሰውነት ቅርጽና የሴቶች ስሜት፦ በኮሎምበስ የተሠራ መለኪያ ምን ያሳያል?

በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ኮሎምበስ የተመሠረተው «ዘ ሊሚትድ» የተሰኘ የልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ተቋማትን ገዛ። አንደኛው የሴቶች የውስጥ ልብስ ሻጩ «ቪክቶሪያስ ሲክሬት» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሞላ ያለ ሰውነት ላላቸው ሴቶች ልብስ በማቅረብ የሚታወቀው «ሌን ብራያንት»። የመጀመሪያው ከጊዜ በኋላ ቀጫጭንና ረጃጅም ሞዴሎችን «መላእክት» ብሎ ሰይሞ በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ሁለተኛው በዚያ መድረክ የማትታየዋን ሴት ያለብስ ነበር። ለሁለት አሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ የሁለቱም ገቢ ወደ አንድ ካዝና ይገባ ነበር። ሴቶችን በገዛ ቅርጻቸው እንዲሳቀቁ የሚያደርገው ምስልና ያንን ቅርጽ የሚያስተናግደው ልብስ ከአንድ ባለቤት እጅ ሲወጡ ማየት ለነገሩ ጥሩ መግቢያ ነው።

በዚያችው ከተማ ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ትሬሲ ቲልካና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ሰዎች ለአካላቸው ያላቸውን አክብሮት የሚለካ መጠይቅ አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ጥናት የሚለካው ጥላቻን ነበር። አንዲት ሴት በሰውነቷ ብዙም የማታማርር ከሆነ «ችግሯ አነስተኛ ነው» ተብላ ትመዘገባለች እንጂ ሰውነቷን ትወደው እንደሆነ የሚጠይቃት አልነበረም። አለመታመም ጤና ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ አለመጥላትም መውደድ አይደለም።

የመጀመሪያው መጠይቅ 13 ዐረፍተ ነገሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 ቲልካና ኒኮል ዉድ-ባርካሎ አሻሽለው 10 አደረጓቸው፤ መላሿ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ትሰጣለች። ከተጣሉት መካከል ሰውነት ጉድለት እንዳለበት አስቀድመው የሚገምቱ ይገኙባቸዋል። «ጉድለት ቢኖርብኝም» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ሴቲቱ ያላሰበችውን ጉድለት እንድትፈልግ ይገፋፋታልና ማስተካከያው ተገቢ ነበር። መለኪያው ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ ጥናት በ65 አገሮች የሚኖሩ 57 ሺህ ያህል ሰዎች መልስ ሰጥተውበታል። ለአካላቸው ከፍ ያለ አክብሮት ያላቸው ሰዎች በሕይወታቸውም ይበልጥ ረክተው ተገኝተዋል።

በኮሎምበሱ ቡድን ሥራ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ግኝት ነው። በጥናቱ የተካፈሉት የኮሌጅ ሴቶች በቅርብ ሰዎቻቸው ዘንድ ሰውነታቸው እንዳለ ተቀባይነት እንዳገኘ ሲሰማቸው፣ ትኩረታቸው ከመልክ ይልቅ ሰውነታቸው ወደሚሠራው ሥራ ያዘነብላል። ይህም ለአካል ካለ አክብሮትና በረሃብና በጥጋብ ስሜት ተመርቶ ከመብላት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን በቀጥታ አያረጋግጥም፤ ሆኖም የቤተሰብ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ይጠቁማል።

ከአዲስ አበባ ወደ ኮሎምበስ የሄደች ሴት ሁለት ዓይነት ቃል ትሰማለች። በአገር ቤት «ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል» ምርቃት ነው፤ «ምነው ከሳሽ?» ደግሞ የጭንቀት ጥያቄ። በአዲሱ አገር የልብስ መደብር መስታወት ፊት ስትቆም ግን ዳሌዋን የሚያሳልፈው ሱሪ ወገቧ ላይ ይሰፋል፣ ወገቧን የያዘው በዳሌዋ አይወጣም። ጥፋቱ የሱሪው ልኬት ሆኖ ሳለ ብዙዎች ራሳቸውን ይወቅሳሉ። የዚህ መፍትሔ ለሰፊ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋናም ቢሆን ሁልጊዜ አያሳርፍም። ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ቶሚ-አን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳስረዱት፣ ዘወትር የምትታይ ሴት ቀስ በቀስ ራሷን በተመልካች ዓይን ማየት ትጀምራለች። በተከታዩ ዓመት በታተመ ሙከራ የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ይልቅ በሒሳብ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ፤ በወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናትም ስለ መልካቸው በሚሰሙት ሙገሳ ይበልጥ የሚደሰቱ ሴቶች ራሳቸውን ይበልጥ እንደሚቆጣጠሩ አሳይቷል።

ስለ ሥጋው ጥቂት ማለት ይገባል። በጉርምስና ወቅት ኤስትሮጅን የተሰኘው ሆርሞን ስብ በዳሌና በጭን እንዲከማች ያደርጋል። ይህ ስብ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ከሚከማቸው በተለየ ለልብ ሕመምና ለስኳር በሽታ የማጋለጥ ጠባዩ አነስተኛ ነው። የወገብን ዙሪያ ለዳሌ ዙሪያ በማካፈል ማመዛዘን ይቻላል፦ ወገቧ 80፣ ዳሌዋ 104 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት 0.77 ታገኛለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሴቶች የአደጋ ወሰን ያደረገው 0.85ን ነው። ብዙ ሴቶች የሚያፍሩበት ዳሌ በዚህ ስሌት ተከሳሽ ሳይሆን ጠበቃ ነው።

ቴሌቪዥንን በተመለከተ የፊጂ ደሴቶች ታሪክ መጠቀስ አለበት። በዚያም እንደ ኢትዮጵያ ሞላ ያለ ሰውነት ይወደስ፣ መክሳት ያሳስብ ነበር። አን ቤከር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሌቪዥን በገባበት ወቅት ተማሪ ልጃገረዶችን ሲመረምሩ፣ የአመጋገብ መዛባት ምልክት በከፍተኛ ደረጃ የታየባቸው 12.7 በመቶ ነበሩ። በ1998 በሌሎች ልጃገረዶች ላይ ሲደገም 29.2 በመቶ ደረሰ።

ምስሎቹም ይለወጣሉ። «ቪክቶሪያስ ሲክሬት» እ.ኤ.አ. በ2014 «ፍጹም» አካል የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ተቃውሞ ሲበረታበት ቃሉን ቀየረ። በተከታዩ ዓመት፣ ከቀድሞ ባለቤቱ የተለየው «ሌን ብራያንት» ሞላ ያሉ ሴቶች «መልአክ አይደለሁም» የሚሉበትን ዘመቻ ጀመረ። የ«መላእክቱ» ትርኢት በ2019 ተቋርጦ በ2024 ሲመለስ፣ በዚያ ዘመቻ ከተሳተፉት አንዷ የሆነችው አሽሊ ግራሃም በመድረኩ ላይ ከተራመዱት መካከል ነበረች።