የአንድ ንጉሥ ሳንቲሞችን ማሰባሰብ እንደ ጥናት ስልት፤ የዳግማዊ ምኒልክ ብር በወልዲያ፣ በመርሳና በሐብሩ ለሚሠራ ተመራማሪ

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የአንድን ንጉሥ ሳንቲሞች ለይቶ ማሰባሰብ ለታሪክ ጥናት ምን እንደሚያበረክትና ምን እንደሚያሳጣ ይመረምራል። በማሳያነት የቀረበው በዳግማዊ ምኒልክ ስም የታተመው ገንዘብ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የሳንቲሙን ዋና ትርጉም የሚሰጠው በመልኩ ላይ ያለው ስም ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠው ገንዘብና ያስቀመጠው ቤተሰብ ነው የሚል ነው።

መግቢያ

የጥንቱ የሮም ሳንቲም ጥናት ማዕቀፉን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥታቱ ቅደም ተከተል ነው። መዝገቦቹ በየንጉሠ ነገሥቱ የተከፋፈሉ ስለሆኑ ብዙ ሰብሳቢዎች አንድ ገዥ መርጠው የእርሱን ሳንቲሞች ብቻ ይከታተላሉ። ስልቱ ጥቅም አለው፤ የመልክ፣ የጽሑፍና የክብደት ለውጥ በአንድ ዘመነ መንግሥት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በእኛም አገር የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና ሳንቲሞች ጥሩ ምስክር ናቸው። በቀደሙት ላይ ያለው የጨረቃና የክበብ ምልክት በኋለኞቹ ላይ ለመስቀል ቦታውን ለቋል፤ የሃይማኖቱ ለውጥ በገንዘቡ ላይ ታትሞ ይገኛል።

ይሁን እንጂ በሰሜን ወሎ ለሚሠራ ተማሪ ይበልጥ የሚቀርበው ገንዘብ በአያቶቻችን ሳጥን ውስጥ የኖረው ብር ነው። ስለዚህ ጥያቄው፦ የዳግማዊ ምኒልክን ብር ብቻ ለይቶ የሚሰበስብ ሰው ስለ ዘመኑ ምን ያህል ሊያውቅ ይችላል? የሚል ይሆናል።

ሳንቲሙ ራሱ የሚናገረው

የምኒልክ ብር በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የታተመ ሲሆን የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል። በአንዱ ገጽ ዘውድ የደፋው ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ገጽ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። አንበሳው በአንዳንዶቹ ላይ የግራ የፊት እግሩን፣ በሌሎቹ ላይ የቀኙን አንሥቷል፤ ይህች ጥቃቅን ልዩነት ቅርጾቹን ለመለየት ትረዳለች። ከሙሉው ብር በታች አላድ የሚባለው ግማሽ ብር፣ ሩብ፣ የብር ስምንተኛ፣ እንዲሁም ግርሽ አብረው ታትመዋል።

የብሩ ሕጋዊ ክብደት 28.075 ግራም፣ የጥራት ደረጃው 835 ከሺህ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.44 ግራም ያህል ይሆናል። ከእርሱ በፊት በገበያው የሠለጠነው የኦስትሪያዊቷ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ደግሞ 28.0668 ግራም ይመዝናል፤ ጥራቱ 833 ከሺህ በመሆኑ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ ከአንድ ግራም አንድ ሃያኛ ገደማ ነው። አዲሱ ገንዘብ የተመጠነው በነባሩ ልክ መሆኑን ሚዛኑ ራሱ ይመሰክራል፤ ገበሬውና ነጋዴው እንዲቀበሉት ከለመዱት ብር ያላነሰ መሆን ነበረበት።

የታተመበት ስፍራም ይናገራል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው ከሐብሩ በስተደቡብ ባለው በአምባሰል ምድር ነው። ከውሉ ቀጥሎ ኢጣሊያ በኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታለር በሮም አሳትማ አሠራጨች፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን የንግሥቲቱን ብር አልተወላትም። ምኒልክም የራሱን ገንዘብ ያሳተመው በፓሪስ ነው። ውጫሌን የሚያውቅ የአካባቢው ተማሪ ይህን ብር በእጁ ሲይዝ፣ የሉዓላዊነት ክርክር በወረቀት ብቻ እንዳልተካሄደ ይረዳል።

በሳንቲም ላይ ያለ ዘመን ሲያሳስት

ሰብሳቢ በመጀመሪያ የሚያየው ዘመኑን ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ግን ንግሥቲቱ ከሞተችበት እ.ኤ.አ. ከ1780 ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ሲታተም ዘመኑ ሳይለወጥ ቀርቷል። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ዋዜማ በሮም የታተመውም፣ ከመቶ ዓመት በፊት በቪየና የታተመውም 1780 ይላል። ከምኒልክ ሳንቲሞች መካከልም 1895 ዓ.ም. የሚለው ግርሽ ዘመኑ ሳይለወጥ ለዓመታት ታትሟል። ስለዚህ በሳንቲም ላይ ያለ ዘመን ሳንቲሙ መቼ እንደተቀመጠ አይነግርም፤ የሚነግረው ከዚያ ዘመን በፊት ሊታተም እንዳልቻለ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው አብሮ የተገኘው ነገር ነው። በአንድ ማሰሮ ውስጥ አሥር የንግሥቲቱ ብርና ሁለት የምኒልክ ብር አብረው ቢገኙ፣ ጥሪቱ ከ1887 ዓ.ም. በፊት ሊዘጋ እንደማይችል እናውቃለን። የምኒልክን ሁለት ብር ብቻ መርጦ የወሰደ ሰብሳቢ ግን ይህን ማስረጃ በገዛ እጁ ያፈርሳል። የቀሩት አሥሩ ዘመን አልባ ይሆናሉ፤ የተወሰዱት ሁለቱም ያለ ጎረቤት ይቀራሉ። የአንድ ንጉሥ ስብስብ ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

ከገንዘብነት ወደ ጌጥነት

ሌላው የሚዘነጋው የሳንቲሙ ሁለተኛ ሕይወት ነው። በመጠራ በ1950ዎቹ በተደረገው ቁፋሮ በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተገኘው የወርቅ ጌጥ አሥራ አራት የሮም የወርቅ ሳንቲሞችን ይዞ ነበር፤ ሳንቲሞቹ በጌጥነት ተሰክተው ከተሠሩባት ከተማ እጅግ ርቀው ተቀምጠዋል። በእኛም አካባቢ ተመሳሳይ ጉዞ ታይቷል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል የንግሥቲቱ ብር ሕጋዊ ገንዘብነቱን አጣ፤ ብርነቱ ግን አልጠፋም። አንጥረኛው አቅልጦ ድሪ፣ አልቦና መስቀል ሠራበት። ሌላው ጆሮ ተበጅቶለት በአንገት ላይ ዋለ።

ለሰብሳቢ ቀዳዳ ያለው ሳንቲም ጉድለት ያለበት ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ቀዳዳው ራሱ ጽሑፍ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው መተርተር ለምን ያህል ጊዜ እንደተንጠለጠለ ይጠቁማል፤ የትኛው ገጽ ይበልጥ እንደተፋቀ ማየትም የትኛው ገጽ ወደ ልብስ ዞሮ እንደኖረ ያሳያል። ወደ አንጥረኛ ምድጃ የገባው ሳንቲም ግን ይህን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። ምዝገባው የሚያስቸኩለው ለዚህ ነው።

ለመስክ ሥራ የሚሆን አሠራር

በወልዲያ፣ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች ለሚሠራ ተማሪ የሚመከረው መሰብሰብ ሳይሆን መመዝገብ ነው።

አንደኛ፣ ሳንቲሙ በባለቤቱ እጅ ይቆይ፤ ተመራማሪው ፈቃድ ጠይቆ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ፎቶግራፍ ያንሣ። ሁለተኛ፣ እስከ መቶኛ ግራም በሚለካ ሚዛን ክብደቱን፣ በመለኪያም ስፋቱን ይመዝግብ። ከሕጋዊው ክብደት የጎደለው ብር ያለቀው በመፋቅ ይሁን በመቆረጥ ከጠርዙ ይለያል። ሦስተኛ፣ አብረው የተቀመጡትን ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ የምኒልክን፣ የንግሥቲቱን፣ የኋለኛውንም። አራተኛ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ለጥሎሽ ይሁን ለውርስ፣ በባለቤቱ አንደበት ይያዝ። አምስተኛ፣ ሳንቲሙ በሎሚም ሆነ በአሸዋ አይፈተግ፤ የሚለቀቀው ጥቁረት ብቻ አይደለም፣ ከላዩ ያለው ምልክትም ነው። ስድስተኛ፣ ዋጋ አይጠየቅ፣ አይገመትም። ተመራማሪ ዋጋ በጠራ ማግስት ሳጥኑ ለነጋዴ ይከፈታል።

ከመሬት የተገኘ ጥንታዊ ሳንቲም ሲሆን ጉዳዩ የሕግም ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል።

ማጠቃለያ

አንድን ንጉሥ መርጦ ሳንቲሞቹን መከታተል ለጀማሪ ተመራማሪ ጥሩ በር ነው፤ ዓይንን ያሠለጥናል፣ ጥያቄንም ይወስናል። ነገር ግን በወሎ ሳጥን ውስጥ ምኒልክና የኦስትሪያዋ ንግሥት አብረው ኖረዋል። አንዱ የመንግሥትን ፈቃድ፣ ሌላዋ የገበያን ልማድ ይወክላሉ፤ የዘመኑ ታሪክም በሁለቱ መካከል የነበረው ፉክክር ነው። ንጉሡን ከንግሥቲቱ ነጥሎ የሚያወጣ እጅ የሚያገኘው ብሩን እንጂ ታሪኩን አይደለም። ስለዚህ ምርጫው በጥያቄው ላይ ይሁን፤ መዝገቡ ግን የሳጥኑን ሁሉ ይያዝ።