ኬኩ ለምን ሰመጠ?
የመኸር ድርብርብ የፖም ኬክና የደጋው አየር

በዚህ ዕትም ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከማእድ ቤት ነው። ሆኖም እስከ መጨረሻው አብራችሁን ብትዘልቁ፣ በክፍል ውስጥ ስለ ጋዞች የተማርነው ሕግ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ በአንድ የኬክ መጋገሪያ ውስጥ ሲሠራ እንደምታዩ ተስፋ እናደርጋለን።

ከእኛ የአንዱ አክስት ለረጅም ዓመታት የኖሩት በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው። በዚያ አገር መኸር ሲገባ ዛፎች ቅጠላቸውን ያረግፋሉ፤ ፖም (በተለምዶ አፕል የምንለው ፍሬ) ከየእርሻው በየቅርጫቱ ይወጣል። አክስትም በየዓመቱ በዚህ ወቅት ድርብርብ የፖም ኬክ መጋገር ልማዳቸው ነበር። ባለፈው ኅዳር እናታቸውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ እናት ለዓመታት በስልክ ብቻ ሲሰሙት የኖሩትን ይህን ኬክ ሊያቀምሷቸው አሰቡ። ኬኩ በመጀመሪያ እጅግ በሚያምር ሁኔታ ተነፋ። ከመጋገሪያው ጠርዝ አልፎ ሊፈስ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን መሀሉ እንደ ገበቴ ሰመጠ። እናት ቀምሰው መረቁ፤ አክስት ግን «እጄ ከዳኝ» ብለው አዘኑ። አንዱ ዱቄቱን፣ ሌላው እንቁላሉን፣ ሦስተኛው ደግሞ ምድጃውን ያለጊዜው የከፈተውን ልጅ ወቀሰ።

እኛ የተጠራጠርነው ሌላ ተከሳሽ ነው፤ እርሱም አየሩ ነው። አክስት ወደ ሥራቸው ለመመለስ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ብቻ ስለነበር፣ ጥርጣሬያችንን በዚያ ጊዜ ውስጥ መፈተን ነበረብን።

ኬክ የሚነፋው እንዴት ነው?

የእንጀራን ዓይን ያየ ሰው ጋዝ በሊጥ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የእንጀራው ሊጥ ሲቦካ ረቂቅ ሕዋሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ ጋዙ በምጣዱ ሙቀት ተስፋፍቶ ሲወጣ ዓይኖቹን ይተዋል። በኬክ ውስጥ ይህንኑ ጋዝ የሚሰጠን በአብዛኛው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ቤኪንግ ፓውደር ሶዲየም ባይካርቦኔትን፣ ደረቅ አሲድንና እርጥበት የሚከላከል ስታርችን የያዘ ድብልቅ ነው። ውኃና ሙቀት ሲያገኝ አሲዱና ባይካርቦኔቱ ይዋሐዳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቀቃል።

ጋዙ ብቻውን ግን ኬክ አያቆምም። አረፋዎቹን አቅፎ የሚይዝ ግድግዳ ያስፈልጋል። ይህን ግድግዳ የሚሠሩት የዱቄቱ ስታርችና የእንቁላሉ ፕሮቲን ናቸው። ስታርቹ ውኃ መጥጦ እያበጠ ሲወፍር፣ ፕሮቲኑም በሙቀት ሲረጋ፣ ፈሳሹ ሊጥ ወደ ጠጣር አካልነት ይለወጣል። ስለዚህ በምድጃው ውስጥ አንድ ሽቅድምድም አለ ማለት ይቻላል፤ አረፋው ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይጠነክራል። ግድግዳው በወቅቱ ከደረሰ ኬኩ ይቆማል፤ አረፋው ከቀደመ ግን ቀጭኑ ግድግዳ ይቀደዳል፣ ጋዙ ያመልጣል፣ ሊጡም ይወርዳል። የሚወርደውም ሙቀት መጨረሻ በሚደርስበት በመሀሉ በኩል ነው።

አንድ ሦስተኛ ትርፍ ጋዝ

ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ የአንድ ጋዝ ግፊትና ይዘት ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ቋሚ ነው። ማለትም ግፊቱ ሲቀንስ ይዘቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት በአማካይ 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው። 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ይህም የባሕር ወለሉ ግፊት ሦስት አራተኛ ነው።

አሁን የአክስትን መመጠኛ እንመልከት። በውስጡ 10 ግራም ቤኪንግ ፓውደር አለ። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው፣ ማለትም 3 ግራሙ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው ብለን እንነሣ። የአንዱ ሞል ክብደት 84 ግራም ስለሆነ፣ 3 ግራም 0.036 ሞል ያህል ይሆናል። ሁሉም ቢዋሐድ የሚሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ በባሕር ወለል 0.87 ሊትር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 1.16 ሊትር ይዘት ይኖረዋል። ያው ቤኪንግ ፓውደር፣ ያው እጅ፣ ነገር ግን አንድ ሦስተኛ ትርፍ ጋዝ!

ታዲያ መጠኑን በሦስት አራተኛ ብናባዛውስ? 7.5 ግራም ቤኪንግ ፓውደር በአዲስ አበባ የሚሰጠው ጋዝ 0.87 ሊትር ነው። ይኸውም 10 ግራሙ በባሕር ወለል ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። በእርግጥ ስሌታችን በሊጡ ውስጥ የታመቀውን አየርና የውኃውን ተን አላካተተም፤ ስለዚህ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ውኃውም ቀድሞ ይፈላል

የአየር ግፊት መቀነስ ሌላም መዘዝ አለው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈልጉት አንድም ስለዚህ ነው። በኬክ ላይ ይህ በሦስት መንገድ ይታያል።

አንደኛ፣ ውኃው ፈጥኖ ስለሚተን የሊጡ እርጥበት ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ውኃው ሲቀንስ የቀረው ሊጥ የስኳር ክምችት ከፍ ይላል። ስኳር ደግሞ ከስታርቹ ጋር ውኃ ይሻማል፤ የስታርቹን ማበጥና የፕሮቲኑን መርጋትም ወደ ከፍተኛ ሙቀት ይገፋል። በሌላ አነጋገር፣ አረፋው በሚቸኩልበት ቦታ ግድግዳው ይዘገያል። ሦስተኛ፣ እርጥበት እስካለ ድረስ የኬኩ ውስጥ ሙቀት ከውኃው መፍያ ነጥብ እጅግም አይርቅም። ስለዚህ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል።

የፖሙ ድርሻ

ተራው ኬክ ይህ ሁሉ ፈተና ካለበት፣ የፖም ድርብርቡ የባሰ ነው። የፖም ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። 700 ግራም ፖም ስንደርብ ወደ 600 ግራም የሚጠጋ ውኃ በሊጡ መካከል እያስቀመጥን ነው ማለት ነው። ይህ ውኃ ሲሞቅ ይወጣል፤ ከሥሩና ከላዩ ያለውን ሊጥም ያረጥባል።

መፍትሔው ከቀድሞ ትምህርታችን አይርቅም። በተቆረጠው ፖም ላይ ጥቂት ስኳር ብንነሰንስና 20 ደቂቃ ብናቆየው፣ በኦዝሞሲስ ምክንያት ከሕዋሳቱ ውስጥ ጭማቂ ይወጣል። እኛ ባደረግነው ሙከራ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ጭማቂ አገኘን። ጭማቂው መደፋት የለበትም። የደጋው ሊጥ ተጨማሪ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ከፊሉን ለዚያ እንጠቀምበታለን።

የፖሙ ውፍረትም ወሳኝ ነው። የፖም ሕዋሳት እርስ በርስ የተያያዙት በፔክቲን ነው፤ ፖሙ የሚለሰልሰውም ፔክቲኑ በሙቀት ሲሟሟ ነው። የኬኩ ውስጥ ከ92 ዲግሪ እምብዛም ስለማያልፍ፣ ወፍራም ቁራጭ ሊጡ በስሎ እርሱ ጥሬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጎ መቁረጥ ይመረጣል። የተቆረጠው ፖም የሚጠቁረው ደግሞ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚሠራ ነው። ሎሚ ብናንጠባጥብበት የአሲድነት መጠኑ ከፍ ይልና የኢንዛይሙ ሥራ ይዳከማል።

የፖም ምርጫን በተመለከተ፣ አረንጓዴውና ኮምጠጥ ያለው ጠንካራ ፖም ቅርጹን ይዞ ይበስላል። ብዙ የቆየና የለሰለሰ ፖም ግን ወደ ገንፎነት ያደላል። ፖም ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል፤ ኢትሊን የተባለ ጋዝ እያመነጨም ራሱን ያበስላል። በጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ ፖም ለዚህ ኬክ አይሆንም።

እዚህ ላይ ፖም የመኸር ፍሬ የሆነበትን ምክንያት ማንሣት ተገቢ ነው። የፖም ዛፍ ጥንተ መገኛ የመካከለኛው እስያ ቲየን ሻን ተራሮች ናቸው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1929 በአልማ አታ አካባቢ የዱር ፖም ደኖችን ተመልክቶ ይህንኑ ገምቶ ነበር፤ ኋላ የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶችም ደግፈውታል። (ይኸው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴ ዝርያዎችን ሰብስቧል።) በቀዝቃዛ አገር የተፈጠረው ይህ ዛፍ በክረምቱ ብርድ ካላንቀላፋ በሚገባ አያብብም። በብርዱ ማግሥት ያብባል፤ በጋውን ሙሉ ፍሬውን አሳድጎ በመኸር ያደርሳል። በአገራችንም በደንብ የተላመደው እንደ ጨንቻ ባሉ ብርዳማ የጋሞ ደጋዎች መሆኑ ከዚሁ ጠባዩ የመጣ ነው። በእኛ የወቅቶች አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ከዚያው የመኸር ወራት ጋር ይገጣጠማል።

ሦስት ሙከራዎች

በመጀመሪያው ሙከራ የአክስትን መመጠኛ ምንም ሳንለውጥ ጋገርን። ምድጃውን ማንም እንዳይከፍት ተጠባበቅን። ኬኩ እንደቀድሞው ተነፋ፣ እንደቀድሞውም ሰመጠ። በሩን ከፈተ የተባለው ልጅ በዚህ ነጻ ወጣ።

በሁለተኛው ቤኪንግ ፓውደሩን ብቻ ወደ 7.5 ግራም ዝቅ አደረግን፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተውነው። ስምጠቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ነገር ግን ጠርዙ ደረቅ፣ መሀሉ ደግሞ ሊጥ ሊጥ የሚል ሆነ።

በሦስተኛው ስኳሩን ቀነስን፣ ፈሳሹን ጨመርን፣ የምድጃውንም ሙቀት ከፍ አደረግን፤ ሙቀቱን ከፍ ያደረግነው ግድግዳው ቶሎ እንዲጠነክር ነው። ኬኩ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሙከራ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ መለወጥ እንደሚገባ እያወቅን ሦስቱን በአንድ ጊዜ የለወጥነው ቅቤና እንቁላል ውድ፣ ቀኑም አጭር ስለሆነብን ነው። በመሆኑም ከሦስቱ የበለጠ የረዳው የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሙከራ መናገር አንችልም። ይህን ለመለየት የሚሻ አንባቢ ሦስት ተጨማሪ ኬክ ይጋግር፤ ቀማሽ አይጠፋም።

ለአዲስ አበባ የተስተካከለው መመጠኛ

የፉርኖ ዱቄት 250 ግራም፤ ስኳር 150 ግራም (በባሕር ወለል 180)፤ የቀለጠ የገበታ ቅቤ 120 ግራም፤ ያለ ቅርፊቱ የተመዘነ እንቁላል 150 ግራም፤ ወተት 120 ሚሊ ሊትርና ከፖሙ የወጣ ጭማቂ 30 ሚሊ ሊትር (በባሕር ወለል ወተት 120 ሚሊ ሊትር ብቻ)፤ ቤኪንግ ፓውደር 7.5 ግራም (በባሕር ወለል 10)፤ ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ጨው ቁንጥር፤ የተላጠና የተቆረጠ ፖም 700 ግራም። በፖሙ ላይ የሚነሰነሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከዚያው ከ150 ግራሙ ላይ ይነሣል። እንቁላሉን በቁጥር ያልገለጽነው የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጁ ስለሚያንስ ነው።

እንቁላሉንና ስኳሩን መትቶ ቅቤውን፣ ወተቱንና ጭማቂውን መጨመር፤ ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩ፣ ከጨውና ከቀረፋው ጋር ነፍቶ ሳያበዙ ማማሰል። ብዙ ማማሰል ግሉተኑን ስለሚያጠነክር ኬኩን ያደርቃል። ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ቅቤ በተቀባ መጋገሪያ ውስጥ የሊጡን አንድ ሦስተኛ ማፍሰስ፤ የፖሙን ግማሽ መደርደር፤ እንደገና ሊጥ፣ እንደገና ፖም፣ በመጨረሻም የቀረውን ሊጥ ማልበስ። ቀድሞ በጋለ ምድጃ በ185 እስከ 190 ዲግሪ (በባሕር ወለል 175) ለአንድ ሰዓት ያህል መጋገር። መሀሉ ላይ የተሰካ ስቴኪኒ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ኬኩ በስሏል። ላዩ የሚቀላው በፕሮቲንና በስኳር መካከል በሚካሄደው፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጸው ውሕደት ነው። ከመቁረጣችን በፊት አንድ ሰዓት ብናቀዘቅዘው ስታርቹ ስለሚጠነክር ንብርብሩ ጎልቶ ይታያል።

ማጠቃለያና መልመጃ

የምግብ መመጠኛ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ግፊት የተመዘገበ የሙከራ ውጤት ነው። ቦታው ሲለወጥ ቁጥሩም መታረም አለበት። ይህን ሳናውቅ ስንቀር ጥፋቱን የምንጭነው በሰው እጅ ላይ ነው።

ለመልመጃ ያህል፦ የአየር ግፊቱ በድሬዳዋ 88፣ በባሕር ዳር 81.5፣ በደብረ ብርሃን 71.5 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው ብላችሁ፣ በባሕር ወለል 10 ግራም የሆነው ቤኪንግ ፓውደር በእያንዳንዱ ከተማ ስንት መሆን እንዳለበት አስሉ። (መልስ፦ 8.7፣ 8.0 እና 7.1 ግራም ገደማ።)

ሦስተኛውን ኬክ አክስት ከመሄዳቸው ሁለት ቀን በፊት ለእናታቸው አቀረቡ። የቆረሱት እርሳቸው ናቸው፤ እኛ የሠራነው ስሌቱን ብቻ ነው። እናት ንብርብሩን በጣታቸው እየቆጠሩ «በስልክ የነገርሽኝ ይኸ ነው?» አሉ። አክስትም መመጠኛውን የጻፉበትን አሮጌ ወረቀት አውጥተው፣ ከ10 ግራሙ ጎን በእርሳስ «አዲስ አበባ 7.5» ብለው ጻፉ።