ወረቀት ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት

እንደሚታወቀው የአረካ ሹፌር ስለ አንድ መኪና ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ጉልበቱን ነው፤ «ይጎትታል» ወይም «ዳገት አይወድም» ይላል። እኛ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ደግሞ ማኑዋል ገልጠን ቁጥር እናነባለን። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሕግ ሲጠብቅ ቁጥሩም ጉልበቱም ምን እንደሚሆኑ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካው ሸቭሮሌ ኮርቬት ነው። መደበኛው 5.7 ሊትር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1970 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የጭስ ቁጥጥሩ እየጠበቀ ሲመጣ ፋብሪካው ለ1971 ሞዴል ኮምፕሬሽኑን ከ10.25 ወደ 8.5 አወረደው። ምክንያቱም ሊድ የሌለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮምፕሬሽኑ ከፍተኛ የሆነ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው ይቀጣጠልና ሞተሩ ያንኳኳል። 300ው 270 ሆነ። ይኼ እውነተኛ ቅነሳ ነው። በ1972 ግን 200 ተባለ። ሞተሩ እኮ በአመዛኙ ያው ነው! የተለወጠው አለካኩ ነው። ቀድሞ ሞተሩ ያለ አየር ማጣሪያና ያለ ማርሚታ ባዶውን ይለካ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ እንደሚሠራው ሁሉም ተገጥሞለት ተለካ። በ1975 ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲገባ 165 ደረሰ። እንግዲህ «ሕጉ ሞተሩን ገደለው» ለሚሉ ሰዎች፣ ከጠፋው 135 ውስጥ ትልቁ ድርሻ የመለኪያው መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሕጉ በዋናነት ያየው ሲሲንና ዕድሜን ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአዲስ የቤት መኪና ላይ እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ። ያገለገለው ደግሞ ባረጀ ቁጥር ታክሱ ከበደ። ሰዉም እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ወዳሉ 1200 ሲሲ መኪኖች ዞረ።

ችግሩ ከፍታው ነው። አረካ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ማኑዋሉ 83 የሚለው ሞተር እዚህ 70 አካባቢ ነው ማለት ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከሶዶ መንገድ ዳገት ሲገጥመው ሹፌሩ ማርሽ ቢቀንስ አይፈረድበትም። ትልቅ ሞተርም ያንኑ ያህል እጅ ያጣል፤ ግን የሚተርፈው አለው።

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ጉልበቱ አረካም ጅቡቲም ያው ነው። ከቆመበት ሲነሳም ሙሉ ቶርኩን ይሰጣል። በጉልበት በኩል እንግዲህ ይኼኛው ሕግ ለደጋ ሰው አልከፋም።

እኛ ግን ዎርክሾፕ ውስጥ አሁንም የምንፈታው ካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት ይጠገናሉ። ነገር ግን ብርቱካናማው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ እንደሚያስተላልፍና ባትሪው ሳይቋረጥ እንደማይነካ ከመመረቃችን በፊት አንድ ቀን እንኳ በተግባር ብናየው፣ የመጀመሪያው ትምህርታችን ደንበኛ መኪና ላይ አይሆንም ነበር።